ብረት የማይገባበት ጨፌ

ከፊት ጥርሶቼ ሁለቱ የእኔ አይደሉም። ደብረ ታቦር ውስጥ ሰዎች ስስቅ አይተው "ጥርስሽ እንዴት ያምራል!" ሲሉኝ "አዎ፣ የተገዛ ነው" እላቸዋለሁ። ቀልድ መስሏቸው አብረውኝ ይስቃሉ። እውነተኞቹ ጥርሶቼ ከገሳይ ከተማ ቁልቁል ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቦታ፣ አሞራ ውሃ በሚባል ወንዝ ዳር፣ ሣር ውስጥ ቀርተዋል። እንዴት እዚያ እንደቀሩ ልንገራችሁ። የማፍርበት ክፍል ጋ ስደርስ ዘልዬ ማለፍ ያምረኛል፤ ግን አልዘልም፤ ዘልዬ ባልፍ ኖሮ መጻፉም አያስፈልገኝም ነበር።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከኮሌጅ በመሬት አስተዳደር ተመርቄ ወጥቼ የኮንትራት ሥራ ያገኘሁበት ዓመት ነው። ሥራችን የገበሬውን ማሳ ካርታ ላይ አስፍሮ የይዞታ ደብተር እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። ከሰማይ የተነሳ የቀበሌው ፎቶ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ይሰጠናል፤ ገበሬው ድንበሩን እየዞረ ያሳየኛል፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ አሰምራለሁ፤ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ ጠብ ያለበት ድንበር ከሆነ የብረት ችካል እመታበታለሁ፤ አዋሳኞቹን አስፈርማለሁ። በቃ፣ ወደሚቀጥለው። በቀን ብዙ ማሳ ያሰመረ በስብሰባ ላይ ይመሰገናል። እኔ ደግሞ ምስጋና ነፍሴ ነው። አባቴ "ውባለም ምላሷ ከእግሯ ይቀድማል" ይለኝ ነበር፤ በዚያ ሥራ ላይ እስክሪብቶዬም ከሁለቱም ይቀድም ነበር።

በቀበሌው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ተናገርኩ። "ያልተመዘገበ መሬት ነገ ከነገ ወዲያ የመንግሥት ይሆናል። ወይ ባለሀብት ይመጣና አጥሮ ይይዘዋል" አልኳቸው። እንዲህ በይ ያለኝ ሰው የለም። ገበሬው ቶሎ ቶሎ እንዲሰለፍልኝ ከራሴ የፈጠርኩት ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው፤ እኔ ሳላውቀው አምልጦኛል፣ እነሱ ግን ሰምተውኛል።

የካቲት ውስጥ አሞራ ውሃ ደረስኩ። ወንዙ እዚያ ቦታ ላይ ታጥፎ ሲዞር በእቅፉ ውስጥ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ይተዋል። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ ገለባ ሲመስል ይህ ብቻ ርጥብ ነው። ጨፌ ነው። ጨፌ ምን እንደሆነ የማያውቅ ከተሜ ካለ፣ ወንዝ ዳር ያለ፣ ውሃ የማይለየው፣ ሣሩ በጋ ከክረምት የማይደርቅ መሬት ማለት ነው። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነበር። ልጅ ሆነን ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ የምንነቅለው ከጨፌ አይደል?

ከጨፌው ወዲህ ስሙ ያለው የሚባል ሰው ይኖራል፤ ዝምተኛ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ የሦስት ልጆች አባት። ወንዙን ተሻግሮ አባ ተገኘና ልጃቸው ደሴ ይኖራሉ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ደም አለ። ከሁለት ዓመት በፊት በሠርግ ቤት በተነሳ ጠብ የያለው ታላቅ ወንድም የአባ ተገኘን የበኩር ልጅ በጥይት ገድሎ ወደ መተማ በረሃ ጠፍቷል። ገዳዩ ከሌለ ደሙ የሚፈለገው ከወንድሙ ነው። ስለዚህ ያለው ማሳው ላይ ሲያርስ እንኳ ጠመንጃው ከትከሻው አይወርድም፤ ደሴም እንደዚያው። ይህን ሁሉ የቀበሌው ሰው በመጀመሪያው ቀን ነገረኝ። ሰማሁ፤ ግን ደም የፖሊስ ጉዳይ ነው፣ የእኔ ጉዳይ መሬት ነው ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ ዕለት ጨፌውን ስደርስበት ያለውም ደሴም በየበኩላቸው መጥተው ቆሙ። ሁለቱም "ጨፌውን ጻፊልኝ" አሉኝ። አንዱ ሌላው እንዳይወስድበት ፈርቷል፤ ሁለቱም ደግሞ ያቺን የስብሰባ ወሬዬን ሰምተዋል። እኔ ምን አሰብኩ? መሃል ለመሃል ለሁለት እከፍለዋለሁ፣ ሁለቱም እኩል ያገኛሉ፣ ማንም ቅር አይለውም። ሁለት ደመኞች በአንድ ነገር ሲስማሙ አይቼ እንዲያውም ሽማግሌ የሆንኩ መሰለኝ። ኩራቴ!

የተቃወሙኝ አባ ተገኘ ብቻ ነበሩ። ልጅ የሞተባቸው እሳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ይህንን ተይው" አሉኝ። "ይህ ጨፌ ነው።"

"አየሁት አባ። የግጦሽ መሬት ብዬ ነው የምጽፈው።"

"ግጦሽማ ላዩ ነው። ጨፌ ብረት አይገባበትም። ማረሻ አይገባበት፣ ማጭድ አይገባበት፣ ጠመንጃ አይገባበት። ቄጠማው እንኳ በእጅ ነው የሚነቀል። የማንም አይደለምና ጨፌ የገባ ሰው አይነካም። ያ ሰውዬ ከብቱን ያጠጣል፣ እኛም እናጠጣለን። ከዚህ ሲወጣ ሌላ ነው። ገባሽ?"

ያለውን በስሙ አልጠሩትም። በእጃቸው ብቻ ጠቆሙት።

"የማንም ካልሆነ ነገ ይወሰዳል፣ አባ።"

"ማን ነው የሚወስደው?"

"መንግሥት።"

"መንግሥት የሚያጠጣው ከብት አለው እንዴ?"

ሳቅኩ። ፎርሙን አወጣሁና በጣቴ እየነካሁ አሳየኋቸው። "ይኸው፣ ይመልከቱ። እርሻ፣ ግጦሽ፣ ደን፣ መኖሪያ ነው የሚለው። ጨፌ የሚል የለም፤ ከየት ላምጣልዎ?"

ፎርሙን ትክ ብለው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም። "እንግዲያ ይህን የሠራው ሰው ወንዝ አይቶ አያውቅም" አሉ።

ደሴ "አባቴ፣ ይተዉ እንጂ! ሌላው ሲወስደው ልናይ ነው?" አለ። እኔም ጊዜ የለኝም ነበር። በጨፌው መሃል መሃሉን ዘጠኝ የብረት ችካል በመዶሻ መታሁ። መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ ችካሉ ሽው እያለ ይገባል፤ ሥራው ቀለለኝ ብዬ ደስ አለኝ። ወደ አፋፉ የሚቀርበውን ግማሽ ለያለው፣ ወደ ወንዙ የተጠጋውን ለደሴ አልኩ። አባ ተገኘ የመጀመሪያው ችካል ሲመታ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚደረገው። ከዚያ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ለማስፈረም ተመለስኩ። በጨፌው አፋፍ ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ወደ ጨፌው የሚገባ ሰው ሁሉ ጠመንጃውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን እዚያ ያስቀምጣል። እኔ ከዋንዛው ስር ተቀምጬ ፎርሞቼን አስተካክላለሁ። ያለው መጣ፤ "እንዴት አደርሽ እቴ" አለኝ፤ ጠመንጃውን ቅርንጫፉ ላይ ሰቀለና ከብቶቹን እየነዳ በዱላ ብቻ ገባ።

ትንሽ ቆይቶ ደሴ ወንዙን ከላይ በኩል ተሻግሮ መጣ። በፊቴ አለፈ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነበር። ዋንዛው ጋ አልቆመም።

ይህን አይቻለሁ። ማየቴን መካድ አልችልም። አንድ ነገር በይ፣ በይ እያለ ሆዴ ነግሮኛል። ግን ምን ብዬ? ማሳው ነው፤ እኔ ራሴ የጻፍኩለት ማሳው። ሰው በገዛ ማሳው ጠመንጃ ይዞ ቢቀመጥ ምን ይባላል? አቀርቅሬ ወደ ፎርሜ ተመለስኩ።

ደሴ ከችካሎቹ ወዲያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። ያለው አየው። ከብቶቹን ሰብስቦ ወደ ራሱ ግማሽ አስጠጋና በዱላው ተደግፎ ቆመ። እንዲህ ሆነው ብዙ ቆዩ። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቢሆንም አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ከዚያ የያለው ጊደር ሣር እየነጨች ችካሎቹን አለፈች።

ያለው አፏጨላት። በስሟ ጠራት። አልመጣችም፤ እሷ ምን ታውቃለች? እየነጨች እየነጨች ደሴ አጠገብ ደረሰች። ደሴ አላባረራትም። እንዲያውም ጀርባዋን ዳበስ ዳበስ አደረጋት። ያለው ወደ ዋንዛው ዞሮ የተሰቀለውን ጠመንጃ አየ፤ ሩቅ ነው። እኔን አየኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚያ ሣር ላይ ሲመላለስ መስመር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ እንጃ፣ ጊደሯ ከመስመሩ በልጣ ታየችው ወይስ እግሩ ረሳው፣ ብቻ በሁለት ችካሎች መካከል አለፈ። ሦስት እርምጃ። አራት።

ደሴ ተነሳ። "ማሳዬ ውስጥ ነህ" አለ፤ ተኮሰ።

ድምፁ ገደሉን መትቶ ሲመለስ ያለው ወድቋል። እግሩ ከጉልበቱ በታች በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። አልጮኸም። በክርኑ እየተንፏቀቀ ወደ ችካሎቹ፣ ወደ ራሱ ግማሽ መመለስ ጀመረ። ያን አስቡት፤ ያ ሰው እግሩ ተሰብሮ የሚያስበው የእኔን መስመር ነበር። ደሴ ደርሶ ጀርባው ላይ ቆመበት። "አትሄዳትም! እዚሁ፣ ማሳዬ ላይ ነው የምጨርስህ!"

እኔ ጀግና አይደለሁም። እግሬ ነው የሮጠው፤ ወደ ኋላ እንዲሮጥ ብፈልግ እንኳ የሰማኝ አይመስለኝም። ደሴ አየኝና ፊቱ በራ።

"አንቺ ባለ ወረቀት! ነይ፣ ነይ! ይህ መሬት የማን ነው? ትናንት ያልሽውን ድገሚለት። ሰምቶ ይሙት!"

በእጄ ላይ ፎርሙ አለ፤ የደሴ ስም አለበት፣ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ የሚያምር ጽሑፍ።

"ጨፌ ነው" አልኩ።

"ምን?"

"የማንም አይደለም። ጨፌ ነው። ተሳስቻለሁ።"

የጠመንጃው ሰደፍ ሲመጣ አላየሁትም። አፌ ውስጥ ጠጠር የሞላ መሰለኝ። ሣሩ ላይ ተደፍቼ ደም ስተፋ ሁለቱ ጥርሶቼ አብረው ወጡ። በቀዝቃዛው ሣር መሃል ነጭ ነገር ሆነው ሳያቸው ማልቀስ ቃጣኝ፤ እናቴ ትዝ አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ከወንዙ ማዶ ድምፅ ሰማሁ። አባ ተገኘ ናቸው። በተኩሱ ድንጋጤ ወጥተው ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ደርሶ በዱላ እየተመረኮዙ ይሻገራሉ። "ልጄ!" አሉ። ደሴን የጠሩ መስሎኝ ነበር። "አንቺ ልጅ! ብረቱን ንቀይ! ብረቱን!"

ገባኝ። በአራት እግሬ ድሄ የመጀመሪያውን ችካል ያዝኩ። ሲገባ ሽው ብሎ የገባው ብረት ሲወጣ አልወጣ አለ። ጭቃው ይዞታል። ወዘወዝኩት፣ ነቀነቅኩት፣ መዳፌ ተላጠ፤ ወጣ። ወደ ዋንዛው ወረወርኩት። ሁለተኛውን ያዝኩ።

"ተዪው!" አለ ደሴ። አንድ ጥይት ከእጄ በክንድ ርቀት ላይ መሬቱን መታው፤ ጭቃ ዓይኔን ሞላኝ። ቀጠልኩ። ድፍረት አልነበረም፤ ማቆም ከመቀጠል የበለጠ ስላስፈራኝ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስተኛው ላይ ጥፍሬ ተነቀለ። ከኋላዬ ደሴ ያለውን ሲሰድብ፣ ሲያለቅስ፣ የወንድሙን ስም ሲጠራ እሰማለሁ። "ጥላሁን! ጥላሁንዬ! እየው፣ ከእግሬ ስር ነው!" በየመሃሉ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ቀጭ ይላል፤ ባለ ቁጥር አሁን ነው እላለሁ።

ዘጠነኛው ችካል ከያለው ራስ አጠገብ ነበር። ፊቱ አመድ ሆኗል። "እቴ፣ ልጆቼን..." አለኝ። "ዝም በል" አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ያቃጠለኝ ቃል ነው። ችካሉን በሁለት እጄ አቅፌ ሳብኩት። ሲወጣ ወደ ኋላዬ ወደቅኩ።

አባ ተገኘ ደርሰዋል። ልብሳቸው እስከ ወገባቸው ርሷል። ልጃቸውን አልያዙም፣ ጠመንጃውንም አልነኩም። በያለው ራስጌ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው።

"ደሴ" አሉ። "ዙሪያህን እይ። አሁን በጨፌው የቀረው ብረት ያንተው ብቻ ነው።"

"ወንድሜን በልተውታል፣ አባቴ!"

"በልተውታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ አልረሳሁም። የወለድኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ሲወጣ እኔም የማደርገውን አላውቅም። ግን ጨፌውን ዛሬ ከገደልኸው፣ ነገ የዚህ ሰው ልጆች ሲያድጉብህ አንተ ሮጠህ የት ትገባለህ?"

ደሴ ቆመ። አፈሙዙ የያለው ማጅራት ላይ ነው። ከዚያ እንደ በሬ እያገሳ ዞረና የቀረውን ጥይት በሙሉ ወደ ወንዙ ለቀቀው፤ ውሃው ተቦጫጨቀ፣ ከብቶቹ በረገጉ። ጥይቱ ሲያልቅም ቃታውን መሳቡን አልተወም። በመጨረሻ እየተደናቀፈ ወደ ዋንዛው ሄደና ጠመንጃውን ከያለው ጠመንጃ ጎን ሰቀለው።

አባ ተገኘ ነጠላቸውን ቀደው የያለውን እግር ከጉልበቱ በላይ አሰሩት። ቃሬዛ ተሠራ፤ የሰፈሩ ሰዎች ደረሱ። "ጨፌ ላይ የቆሰለን ያቆሰለው ይሸከመዋል" አሉ አባ ተገኘ። ደሴ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ ያን ዳገት እስከ ገሳይ ተሸከመ። ሌሎቹ ተቀያየሩ፤ እሱ ግን ትከሻውን አልቀየረም። ያለው ከላይ፣ ደሴ ከታች። እኔ አፌን በነጠላዬ ጠቅጥቄ ከኋላ ተከተልኩ። ገሳይ ስንደርስ ያለውን መኪና ላይ ጫኑት፤ ደሴ እዚያው ለፖሊስ እጁን ሰጠ።

ያለው አልሞተም። እግሩ ግን ደብረ ታቦር ተቆረጠ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እንደገና ሠራሁት። በዚያ ቦታ ላይ ቁጥር አልሰጠሁም፤ ከሳጥኖቹ ውጭ በእጄ "ጨፌ" ብዬ ጻፍኩ። ተመለሰልኝ። ደግሜ ላክሁ፤ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ስልከው ኮንትራቴ እንደማይታደስ ተነገረኝ። አልገረመኝም። ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ማመልከቻም እጽፋለሁ። ገበሬ መጥቶ "የመሬት ጉዳይ ነበረብኝ" ሲለኝ እስክሪብቶ ከማንሳቴ በፊት "እናንተ ያንን ቦታ ምን ትሉታላችሁ? እዚያ ምን ይደረጋል፣ ምንስ አይደረግም?" እለዋለሁ። ብዙዎቹ ይሰለቻሉ። "ኧረ ዝም ብለሽ ጻፊ!" ይሉኛል። ዝም ብዬ የጻፍኩት ምን እንዳደረገ አልነግራቸውም፤ ለእናንተ ነው የነገርኳችሁ። ቃሉን የማውቀው መስሎኝ ነበር። የማውቀው ሣሩን ነበር።

ባለፈው በጋ ሄጄ አየሁት። ደሴ ታስሮ ከተፈታ ወራት አልፈውት ነበር። ያለው ከዋንዛው ስር አገኘኝ። ከሆስፒታል የተሰጠው የብረት ክራንች ብብቱ ስር አለ። "ጥርስ አበቀልሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ክራንቹን ዋንዛው ላይ አስደገፈው፤ ብረት ነዋ፣ ጨፌ አይገባም። በአንድ እግሩ እያነከሰ ሊገባ ነው ብዬ ልደግፈው እጄን ስዘረጋ፣ ከግንዱ ኋላ ሌላ ምርኩዝ አወጣ። የወይራ ነው፣ ብብት መደገፊያ ያለው፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ቁመቱ ልክክ ያለለት።

"ማን ሠራልህ?" አልኩት።

ወደ ወንዙ ማዶ አየ። ደሴ ከብቶቹን እየነዳ እየወረደ ነበር።

"አንድ ጠዋት እዚህ ተደግፎ አገኘሁት" አለ ያለው። "ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም።"

ደሴ ደረሰ። ለእኔ አንገቱን ሰበረ፤ ለያለው ምንም አላለም። ጠመንጃውን አውርዶ ከብረቱ ክራንች ጎን አቆመውና ሁለቱም በየፊናቸው ወደ ሣሩ ገቡ።